ከመንገዱ ዳር የተለኩት ዛፎች

ዓይኑ ላይ ጠብታ የተደረገለት ሰው ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ከማውራት በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ጋዜጣ አይነበብ፣ ስልክ አይታይ፤ ፊደሉ ሁሉ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። መነጽር ልቀይር ብዬ ዓይን ክሊኒክ ገብቼ ነው፤ ነርሷ ሁለቱም ዓይኖቼ ላይ አንጠባጥባ ስታበቃ "ብሌንዎ እስኪሰፋ እዚህ ይቆዩ" ብላ ኮሪደሩ ላይ ካለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተወችኝ። ግድግዳው እስከ ወገቡ ግራጫ ቀለም ተቀብቷል፤ ወለሉ በረኪና በረኪና ይሸታል። አጠገቤ አንዲት ሴት የሽማግሌ ኮትና ከዘራ እቅፍ አድርጋ ተቀምጣለች።

"ኮቱ ትንሽ አልሰፋሽም?" አልኳት፣ ወሬ ፍለጋ።

ሳቀች። "የአባቴ ነው። ውስጥ ገብቷል፤ የዓይኑን ሞራ እየገፈፉለት ነው።"

"እሰይ! ነገ ፋሻው ሲፈታ ዓለምን እንደ አዲስ ሊያያት ነዋ!"

ሳቋ እዚያው ቆመ። ኮቱን ወደ ደረቷ ጠበቅ አደረገችው። "እኔን የጨነቀኝም እሱ ነው" አለች። "ፋሻው ከመፈታቱ በፊት አንድ ነገር ልነግረው ይገባኛል። አፌን ስከፍት ሌላ ወሬ ይወጣኛል። እርስዎ ቢሆኑ ይነግሩት ነበር?"

ምኑን እንደሆነ ሳላውቅ ምን እላለሁ? "እስቲ ከሥሩ አጫውቺኝ" አልኳት። እሷም አጫወተችኝ።

ሰው ሁሉ "ሳተላይቷ" ይላታል። ስሙን ያወጡላት አባቷ ናቸው። የደን ቢሮ ውስጥ ተቀጥራ ከሰማይ የተነሳ የጫካ ምስል እያየች፣ ጫካው ቢቆረጥ ስንት ሜትር ኩብ እንጨት እንደሚወጣው ትገምታለች። ሥራዋን ለአባቷ ያስረዳች ቀን ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ አዳምጠው፣ "እና አንቺ እዚያ ወንበር ላይ ተደላድለሽ ተቀምጠሽ እኔ ጓሮ ያለውን ዛፍ ትቆጥሪዋለሽ? በቃ አንቺ ራስሽ ሳተላይት ነሽ!" አሏት። ከዚያ ወዲያ ስሙ ተለጥፎባት ቀረ።

ክፍሏ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እንዳታንጸባርቅ መጋረጃው ተዘግቶ ይውላል፤ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ሲጥ ሲጥ ይላል። ጫካ ስታይ ውላ ጫካ ስታይ ታመሻለች እንጂ ቅጠል ነክታ አታውቅም። ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ብቸኛ ተክል ፕላስቲክ ነው። የመስክ ቡድኑ መሪ በገባ በወጣ ቁጥር "ዛሬስ ውሃ አጠጣሽው?" ይላታል። ይህን ሰው ቢሮው ሁሉ "ሜትሮ" ነው የሚለው፤ የመለኪያው ሜትር ከወገቡ አይወርድም፣ ሰው ሲጨብጥ እንኳ የክንዱን ውፍረት የሚለካ ይመስላል።

የሁለቱ ሥራ አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም። ሳተላይት የሚያየው ከላይ ቅጠሉን ነው፤ ግንዱ አይታየውም። ስለዚህ እነ ሜትሮ በእግራቸው ይገቡና፣ ጫካው ውስጥ በተመረጡ ክብ ቦታዎች ላይ የእያንዳንዱን ዛፍ ውፍረት ደረታቸው ትክክል ላይ ይለካሉ። ኮምፒውተሩ ከዚያ ይማራል። "እንዲህ ያለ አረንጓዴ ከላይ ሲታይ ከሥሩ ይህን ያህል እንጨት አለ" ብሎ ይይዝና፣ ማንም ያልረገጠውን የቀረውን ጫካ ሁሉ በዚያው ልክ ይሞላዋል። ክቦቹን ኮምፒውተሩ የሚጥላቸው እንደ ዕጣ በዘፈቀደ ነው። አንዱ ገደል አፋፍ ላይ ይወድቃል፣ አንዱ ረግረግ ላይ፣ አንዱ እሾህ መሐል። የወደቀበት ሄዶ መለካት ነው እንጂ "እዚህ ያምራል" ብሎ መምረጥ የለም። ያማረ ቦታ ለዚህ ሥራ መርዝ ነው።

አባቷ ጡረታ የወጡ የመንገድ ሠራተኛ ናቸው። ቤታቸው መኪና መንገዱ የሚያልቅበት ላይ ነው፤ ከኋላ በራቸው ጀምሮ ጫካ ነው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ስለዚህ የለመደ እጃቸው አላርፍ ብሏቸው ከኋላ በራቸው እስከ ምንጩ የሚወስደውን የእግር መንገድ ሲጠርጉ፣ ሲያቀኑ፣ ቦይ ሲያወጡለት ነው የሚውሉት። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ዛፎች የእሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። ሐረጉን ይመነግሉላቸዋል፤ መጥረቢያ ይዞ የመጣውን በከዘራ ያባርሩላቸዋል። ዛፎቹም ገዝፈው ገዝፈው ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማይደርስባቸው ሆኑ። ከጉብታው ወዲያ ያለው ጫካ ግን ሌላ ነው። እዚያ አባራሪ የለም። ትልልቆቹ በየዓመቱ አንድ ሁለት እያሉ አልቀው የቀረው ቀጫጭን ግንድና ሐረግ ነው። ከላይ ለሚያየው ሁሉም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው።

የዚያ ጫካ ተራ ሲደርስ ሳተላይቷ ደስታዋን አልቻለችውም። ሜትሮን ጠርታ "አባቴ ቤት እረፉ" አለችው። "ብቻውን ነው፤ ሰው ይናፍቀዋል። መንገዱንም ያሳያችኋል።" አባቷም በስልክ "እንግዶችሽ ገቡ!" ብለው የጮኹት ጩኸት ዛሬም ጆሮዋ ውስጥ ነው። ዓይናቸው ያኔ መጋረድ ጀምሮታል፤ ግን ያንን መንገድ ለመሄድ ዓይን አያስፈልጋቸውም፤ ዛፎቹንም በመዳፋቸው ያውቋቸዋል።

ከዚያ ውጤቱ ወጣ። ቢሮው ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር ታይቶ አይታወቅም። ኃላፊው ክፍሏ ድረስ መጥቶ "የአባትሽ ጫካ ጉድ ነው!" አላት። እሷም ይህን ያህል ሀብት ያለበትን ጫካ ማን ይነካዋል፣ አሁንማ ይከለላል ብላ ተደሰተች። ሽማግሌው ለጉዳይ ከተማ የመጡ ቀን ቢሮ ወስዳ ስክሪኑ ፊት አስቀመጠቻቸው። አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጉ።

"ይቺ ነጭ ነገር ምንድን ናት?"

"ጣሪያህ ነው አባዬ።"

"የሚያፈሰው ቀዳዳስ ይታያል? በየት በኩል እንደሆነ ንገሪኝ፤ እኔ ፈልጌ አጥቼዋለሁ።" ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ አረንጓዴውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ "ይሄ ሁሉ እንጨት አለው ነው የምትይኝ? አንደኛ ወጣ?" አሉ።

"አንደኛ ወጣ።"

ሽማግሌው ኮታቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ቆሙ። "እንግዲህ እኔም የልጄን ሥራ አግዣለሁ ማለት ነው" አሉ። ያኔ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባትም።

የገባት፣ ጫካውን እንዲቆርጥ ለአንድ እንጨት መሰንጠቂያ ድርጅት ፈቃድ ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ በቢሮው ሲናፈስ ነው። ቁጥሩን ለማጣራት ብላ የተለኩትን ቦታዎች ምስሉ ላይ አወጣቻቸው። ክቦቹ በዘፈቀደ እንደተጣለ ነገር አልተበተኑም። እንደ ዶቃ ተሰክተው፣ አንዱ ሌላውን ተከትሎ፣ ከአባቷ የኋላ በር እስከ ምንጩ ተደርድረዋል።

ሜትሮን ኮሪደር ላይ ያዘችው። "ነጥቦቹ የወደቁበት ሄደህ ነበር?"

"እንዴት ማለት?"

"ሄደሃል ወይስ አልሄድክም?"

አንገቱን አከከ። "እኔማ ልሄድ ነበር። አባትሽ ናቸው። 'እዚያ ሄዳችሁ ምን ልታዩ? እሾህና ጭቃ ነው። እንግዳ ቤቴ መጥቶ ጥራጊ አሳየዋለሁ? ኑ፣ ጫካ የሚባለውን ላሳያችሁ' አሉን። በዚያ ላይ ዝናብ፣ በዚያ ላይ ጫማችን ቦጭ ቦጭ ይላል፤ እሳቸው ደግሞ ከፊት ከፊት እየቀደሙ እያንዳንዱን ዛፍ አቅፈው 'ይሄን ለካው፣ ይሄንንም ለካው' ሲሉ... የሽማግሌ አንጀት ልቁረጥ?"

"አንዱን ነው ወይስ ሁሉንም?"

"መጀመሪያ አንዱን ብቻ ብዬ ነበር።" ወገቡ ላይ ያለውን ሜትር ነካ ነካ አደረገ። "ግን አልዋሸሁም እሺ! ቦታ መመዝገቢያው ማሽን ላይ የጻፍኩት የቆምኩበትን ነው።"

እውነቱን ነው፤ አልዋሸም። ማንም አልዋሸም። ኮምፒውተሩም የተማረውን ነው የተናገረው፦ እንዲህ ያለ አረንጓዴ ከታየ፣ ከሥሩ እነዚያን የመሰሉ ግዙፍ ዛፎች አሉ።

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ስትገባ ወንበር ስቦላት፣ የጠጣበትን ብርጭቆ ገፋ አድርጎ አዳመጣት። ስትጨርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

"ብናስተካክለው ስንት ይወርዳል?"

"ግማሽ። ምናልባት ከግማሽም በታች።"

"ከግማሽ በታች የሆነ ጫካ ምን ይባላል?"

"የተራቆተ ደን።"

"የተራቆተ ደን ደግሞ ምን ይደረጋል?"

መልሱን ታውቀዋለች። እሱ መለሰላት። "ተመንጥሮ ቶሎ የሚያድግ ችግኝ ይተከልበታል። እህቴ፣ ትልቁ ቁጥር ካለ መሰንጠቂያው ገብቶ ትልልቆቹን እየመረጠ ይወስዳል። ትንሹ ቁጥር ከገባ ከነሥሩ ይነሳል። እስቲ የቱን ላድርግልሽ?"

"የሚተውበት ቁጥርስ የለም?"

ኃላፊው ጥያቄው ከልብ መሆኑን ለማወቅ ትክ ብሎ አያት። "የሚተውበት..." አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። "እንዲህ ያለ መደብ የለንም።"

ብዙ ቀን እንቅልፍ አጣች። ቁጥሩን ብትተወው መሰንጠቂያው መርጦ የሚወስዳቸው እነማንን እንደሆነ ታውቃለች፤ አባቷ የሚያቅፏቸውን ነው። እነሱ ከሄዱ አባቷ ምን ቀራቸው? ቁጥሩን ብታስተካክለው ደግሞ ጫካው ለምንጠራ ከመታጨቱ በፊት ኮሚቴ ይሰበሰባል፣ ጥናት ይደረጋል፤ ኮሚቴ ደግሞ እንኳን ጫካ የቢሮ መጋረጃ ለመቀየር ዓመት ይፈጅበታል። እስከዚያ ሰው ይጮሃል፣ እሷም ትጮሃለች፣ አንድ ነገር ይሆናል። ቢያንስ ያስገባችው እውነት ይሆናል። እንዲህ እንዲህ ብላ ራሷን አሳመነችና ትክክለኛውን ቁጥር አስገባች።

ያን ጊዜ ኮሚቴው ምን እንደነካው እንጃ፣ ተሰብስቦ ተበተነ፤ ሲበተን ወስኖ ነው የተበተነው። ጥናቱስ? "ከሳተላይቷ የበለጠ ምን ጥናት አለ?" ተባለ። የሷው ወረቀት ነው ጥናት ተብሎ የተያያዘው።

አባቷን ዓይን ልታሳክም ብላ ከተማ ያመጣቻቸው ያን ሰሞን ነው። እውነትም ዓይናቸው ብሶበታል፤ ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፉም። ግን ዋናው ምክንያቷ፣ ማሽኖቹ ሲገቡ እዚያ እንዳይኖሩ ነው። የክሊኒኩ ወረፋ ረጅም ነበር። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ወረፋ ሲረዝም ደስ አላት።

ምንጠራው ከየት እንደጀመረ ያየችው ከዚያው ከወንበሯ ላይ ነው። ማሽን የሚገባበት ሌላ መንገድ አልነበረም። የጀመሩት ከአባቷ የኋላ በር ነው፤ ተጠርጎ፣ ተቃንቶ፣ ቦይ ወጥቶለት በተዘጋጀው መንገድ። አረንጓዴው ላይ ከጣሪያው ጀምሮ እንደ ጭረት ያለ ቀይ አፈር ታየ። በሚቀጥለው ምስል ጭረቱ ሰፋ። ከዚያ ምንጩ ጋ ደረሰ። በዚህ ሙያ ያለ ሰው እንደ ደመና የሚጠላው ነገር የለም፤ ደመና ምስሉን ይጋርዳል፣ ሥራ ያስፈታል። ሳተላይቷ ግን አዲስ ምስል ልትከፍት ስትል ዓይኗን ጨፍና "ደመና አድርገው" ብላ ትጸልይ ጀመር። ደመና የሆነ ቀን "ተመስገን" ትላለች። የሥራ ባልደረባዋ ይህን ሰምታ "ምን ሆነሻል አንቺ?" አለቻት።

ቤት ደግሞ አባቷ አሉ። ጠባቡ በረንዳ ላይ ወንበራቸውን አውጥተው፣ ደረጃ የሚወጣውንም የሚወርደውንም "ማነህ?" እያሉ ያስቆማሉ። "ጫካዬ አንደኛ ወጣ እኮ! ልጄ ናት ከሰማይ የለካችው። እኔ ደግሞ ከመሬት አገዝኳት።" ጎረቤቱ ሁሉ ታሪኩን በቃሉ ይዞታል። ከጫካው በኩል ሰው ሲደውል ስልኩን ቀድማ የምታነሳው እሷ ናት። "ደህና ነው፣ ተኝቷል። ስለ ዛፎቹ አንድ ቃል እንዳትተነፍሱበት" ትላለች፣ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ። አንዲት የጥንት ጎረቤታቸው ብቻ "ልጄ፣ እስከ መቼ?" ብለው አልቅሰውባታል።

ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ወሰነች። እጃቸውን ያዘች። "አባዬ፣ ስለ ጫካው አንድ ነገር ልነግርህ..."

"እኔም ላነሳልሽ ነበር" አሏት። "ያ ሜትሮ የምትሉት ልጅ ደህና ነው? ጨዋ ልጅ ነው፤ ካሳየሁት ዛፍ አንዱን ሳይለካ አላለፈም። እኔ ባልኖር እኮ እሾህ ውስጥ ገብተው ውጤትሽን ያበላሹብሽ ነበር! ፋሻው ይፈታና በመጀመሪያው አውቶቡስ እንሄዳለን። አንቺንማ ምን አይሻለሁ፣ አፍንጫሽ የእናትሽ ነው፣ አውቀዋለሁ። የናፈቁኝስ ዛፎቼ ናቸው።"

ታክሲው ቆመ። እሷም የጀመረችውን አልጨረሰችም።

"ዛፎቹ ተቆረጡ ማለቱስ ባልከፋ" አለችኝ ኮቱን እያሻሸች። "ተቆረጡ ስለው 'ለምን?' ይለኛል። አባቴ ለምን ሳይል የሚተወው ነገር የለም። ለምን ለሚለው ምን እላለሁ? 'እንግዳ ተቀባይነትህ ነው' ልበለው? 'የለካነው ያንተን ኩራት ነው፣ ያፈረስኩት ደግሞ እኔ ነኝ' ልበለው? ለሱ ዋሽቼ አላውቅም። ዝም ብዬ ነው እንጂ።"

"ዓይኑ ሳይገፈፍ ቢቆይስ..." ብዬ ጀመርኩና በራሴ አፈርኩ።

"አስቤዋለሁ" አለች ፈጥና። "ወረፋውን ልተወው ብዬ አስቤያለሁ። የገዛ አባቴ ዓይነ ስውር ሆኖ እንዲቀር! ይኸው እዚህ ደርሻለሁ።"

ወሬ ወዳድ ነኝ፣ ለሁሉም ነገር አንድ ቃል አላጣም እል ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ከእቅፏ የተንሸራተተውን ከዘራ አንስቼ አስያዝኳት። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አንድ ሰው ስሙ ተጠርቶ ሲነሳ ወንበሩ ተንቋቋ።

በሩ ተከፈተና ነርሷ ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዛ አወጣቻቸው። አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሰው መሆናቸው በደበዘዘው ዓይኔም ይታየኛል።

"ነገ ጠዋት ፋሻውን ለማስፈታት ይምጡ። እንዳይጎነበሱ፣ ዕቃ እንዳያነሱ" አለች ነርሷ።

"ዕቃስ አላነሳም፤ ይቺን ልጄን ግን ልድራት እችላለሁ?" አሉ። ነርሷ ሳቀች። "ልጄ፣ የታለሽ?"

"አለሁ አባዬ።" ተነስታ ኮቱን አለበሰቻቸው፣ ከዘራውን አስያዘቻቸው። ድምጿ ከቅድሙ ሌላ ሆኗል፤ ሳቅ ሳቅ የሚል፣ ቀላል ድምፅ።

"ከማን ጋር ነው ስታወሪ የነበረው?"

"ከኚህ ሰውዬ ጋር። እሳቸውም ዓይናቸውን ሊታዩ ነው።"

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘረጉልኝ፤ ያዝኳቸው። መዳፋቸው እንደ ቅርፊት ሻካራ ነው። አለቀቁኝም። "አይዞህ፣ ምንም አያምም" አሉኝ። "ስማ፣ ጫካ ትወዳለህ? የኔን አይተህ አታውቅም። እዚህ አገር አንደኛ የወጣው ነው፣ ልጄ ትነግርሃለች። ዓይናችን ይዳንና ትመጣለህ። በኋላ በኩል አስገብቼ አንድ በአንድ አሳይሃለሁ። ትመጣለህ አይደል?"

ከእጃቸው ላይ ዓይኔን አንስቼ ወደ እሷ ዞርኩ። ፊቷ አልለይ ብሎኝ ጭጋግ ሆነብኝ። ሽማግሌው መልሴን እየጠበቁ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለዋል።

ጠጋ አለችኝና በሹክሹክታ፣ "እሺ ይበሉት" አለችኝ። "በእናትዎ፣ እሺ ይበሉት።"